ከማንያታ አምፖል እስከ ኦሞ ውኃ

ሞያሌን አቋርጦ የመጣ ሰው ማንያታን ያውቃታል። ድንበሩን ተሻግሮ በኬንያው በኩል፣ ዋናውን አስፋልት ትቶ በቀዩ አፈር መንገድ ገባ ሲሉ የምትገኝ ሰፈር ናት። ቃሉ የማሳዮች ነው። በኬንያ ሰው ተሰባስቦ የሚኖርበትን መንደር ብዙ ቦታ ማንያታ ስለሚሉት ኪሱሙም ብትሄዱ ማንያታ አለ፣ ሌላም ዘንድ አለ። እኛ የምናወራው ስለ ሞያሌዋ ነው። በአስተዳደር አከፋፈል ከሄሉ ጋር ተጣምራ አንድ ቀበሌ ሆናለች፤ ቀበሌዋ የሞያሌ፣ ሞያሌም የማርሳቢት ካውንቲ ናት። ይህችን የካውንቲ ነገር ያዙልን፣ ወደ ኋላ ላይ ትፈለጋለች።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን የኬንያን ምድር መጀመሪያ የረገጥነው እዚያ ነው። አንዳንዱ አንድ ሌሊት አድሮ ሄደ፣ አንዳንዱ ወራት ቆየ፣ እዚያው የወለደችም አለች። በመጋቢት 2018 ከኢትዮጵያው ሞያሌ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ሲሸሽም የተቀበሉት የኬንያው ሞያሌ ሰፈሮችና መንደሮች ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምንጽፈው፤ የራሽን ካርዳችንም በዚያው ስለሆነ ለልጆቹ አይከብድም።)

ዛሬ ስለ ማንያታ የምንጽፍላችሁ ግን እዚህ ካኩማ፣ ገበያ ውስጥ ስለሚነሳብን አንድ ጥያቄ ስንል ነው። ደረቅ ዓሣ የሚሸጡ የቱርካና እናቶች አማርኛችንን ሲሰሙ፣ አንዳንዴ በቀልድ አንዳንዴም ከምር፣ «የናንተ ሰዎች ውኃችንን ለምን ዘጉት?» ይሉናል። ሽልንጉን ከፍለን፣ ዓሣውን ይዘን፣ ፈገግ ብለን እንሄዳለን። ምን ይመለሳል? የኛ ሰዎች የተባሉት እነማን ናቸው? የተዘጋውስ ምንድን ነው? ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ ለማየት ማንያታ ጥሩ ቦታ ሆና አግኝተናታል።

ማንያታ ጠዋት የምትነቃው በአዛን ነው። ከዚያ ዶሮው፣ ከዚያ የቦዳ ቦዳው ሞተር። ቤቶቹ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ግድግዳቸው ጭቃም ብሎኬትም ነው። በአንድ ሱቅ በር ላይ ቦረንኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ ይገናኛሉ፤ ባለሱቁ ዋጋውን በሽልንግ ነግሯችሁ ብር ብታወጡለትም ፊቱን አያጠቁርም። ሴቶች ወተት የበዛበት ሻይ ያፈላሉ፣ ከጎኑ ቻፓቲ፣ ትንሽ ራመድ ሲባል ደግሞ እንጀራ በሽሮ። ለኛ ሰው እዚያ መግባት አገር የመለወጥ ያህል አይደለም፤ አገሩ የተለወጠብን ናይሮቢ ስንደርስ ነው።

ድሮ ከሞያሌ ወደ ኢሲዮሎ የወረደ ሰው መንገዱን ሲያወራ አያልቅበትም። በጭነት መኪና ላይ፣ ከከብቱ ወይ ከጆንያው በላይ ተቀምጦ፣ አቧራ ለብሶ፣ ቀናት ነበር የሚፈጀው። ከ500 ኪሎ ሜትር የማያንሰው ያ መንገድ አሁን አስፋልት ሆኗል። የድንበሩ የጋራ ኬላም በታኅሣሥ 2020 በሁለቱ አገር መሪዎች ተመርቋል። መኪናው በዝቷል፣ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ይመላለሳል።

የጎደላት ነገር ቢኖር ውኃ ነው። ሞያሌ ወንዝ የላትም። ዝናብ ሲጥል ብቻ ለጥቂት ሰዓት የሚጮህ ደረቅ ሸለቆ አለ፣ ላጋ ይሉታል፤ የኛም ታራች ያው ላጋ ነውና ማስረዳት አያስፈልገንም። በቀረው ጊዜ ሰዉ በጉድጓድ፣ በኩሬና በቦቴ ውኃ ነው የሚኖረው። ቢጫ ጄሪካን ግራና ቀኝ የተጫነበት አህያ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ድርቅ ሲሆን የጄሪካኑ ዋጋ ይወጣል፤ ያኔ ፊት የታጠቡበት ውኃ ለእግር፣ የእግሩ ለልብስ ይደረጋል። እዚህ የቧንቧ ተራ የሚጠብቁ እናቶቻችን ይህን ከኛ የበለጠ ያውቁታል።

ውኃ የሌላት ማንያታ ታዲያ መብራቷ ከውኃ ነው። የኬንያው ሞያሌ ከናይሮቢ የኤሌክትሪክ መስመር ርቆ ስለሚገኝ ለዓመታት መብራት ሲገዛ የኖረው ከኢትዮጵያ በኩል ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከግድብ የሚመጣ ነው። የትኛው ግድብ እንደሆነ በአምፖሉ አይለይም፤ የጊቤውም፣ የተከዜውም፣ የሌላውም ተደባልቆ ነው የሚገባው። ማታ አንድ ተማሪ ማንያታ ውስጥ ደብተሩን ገልጦ ሲያጠና ያ ብርሃን ከፊሉ ከኦሞ ወንዝ የመጣ ሊሆን ይችላል። የኦሞ ወንዝ የሚያበቃው ደግሞ እኛ ባለንበት በቱርካናዎች አገር፣ ሐይቁ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ነገር ማንያታ ሻይ ቤት ከአንድ የቦረና ሽማግሌ ጋር ተቀምጠን ብዙ ተጫውተናል። ሽማግሌው ኦሞን አይተውት አያውቁም፣ ትልቅ ግድብም አይተው አያውቁም። ጉዳዩ ግን ወዲያው ገባቸው። ለምን እንደገባቸው ለመረዳት የቦረናን ጉድጓድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከያቤሎ ወደ ሜጋ የመጣ ሰው ዱብሉቅን አልፏል። እዚያ አካባቢ ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ወጣቶች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውኃውን ወደ ከብቱ ገንዳ ያወጣሉ። መንገደኛ የሚያየው ዘፈኑንና ላቡን ነው፤ ሕጉ አይታየውም። እያንዳንዱ ጉድጓድ አባ ኮንፊ የሚባል ባለቤት አለው፤ ባለቤት ቢሆንም ብቻውን አያዝበትም። የዕለቱን ተራ የሚያስይዝ ደግሞ አባ ሄሬጋ አለ። የማን ከብት ዛሬ ይጠጣል፣ የማን ነገ፣ ከሩቅ የመጣ መንጋ በየትኛው ተራ ይገባል፣ ይህ ሁሉ በስብሰባ ተነጋግሮ ነው የሚወሰነው። እንግዳም ቢሆን ይጠይቃል፣ ይጠየቃልም።

ሽማግሌው ሻያቸውን አስቀምጠው፣ «እኛ አንድ ባልዲ ለማውጣት ተራ እንጠይቃለን። ወንዝ ሙሉ ሲይዙ ማንን ጠየቁ?» አሉን። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘንምና የቀረውን በዚሁ እንቀጥል።

ኦሞ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነስቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። ሐይቁ ከሚያገኘው ውኃ ከመቶ 90 ያህሉ ከሱ ነው። ላይኛው ክፍሉ ጊቤ ይባላል። ጊቤ አንድ በ2004፣ ጊቤ ሁለት በጥር 2010 ተመረቁ፤ የሁለተኛው ዋሻ ከምረቃው በኋላ ብዙም ሳይቆይ መደርመሱን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ትልቁ ግን ሦስተኛው ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል የቆመ፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ ከኋላው 150 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ውኃ የተኛበት ግድብ ነው። ሥራውን ሳሊኒ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በ2006 ያለ ጨረታ ወሰደ። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ የጸደቀው በ2008 ነው። ልብ በሉ፣ ሥራው ከተጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በቦረና ሕግ እንሂድ ካልን፣ ከብቱ ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ተራ ጠየቁ።

ግድቡን የሚደግፉት ያሉት ሁሉ ውሸት ነበር አንልም። በነሐሴ 2006 ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰው ፈጅቷል፤ ያለቀው ከብትማ በሺህ የሚቆጠር ነው። ግድብ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ጎርፍ ይገታል ተባለ፣ አባባሉ መሠረት አለው። መብራት የሌለበት ቤት ምን እንደሚመስልም ለኛ ምስክር መጥራት አያስፈልግም፤ በጄኔሬተር ባለቤት ፈቃድ የምናመሽ ሰዎች ነን። ማገዶ ፍለጋ የሚወጡ ሴቶች ምን እንደሚገጥማቸውም እናውቃለን። ኤሌክትሪክ ይቅር የሚል ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። የማንያታው ተማሪ መብራቱ ይጥፋበት አይባልም።

ይሁን እንጂ ኦሞ ለታችኞቹ ሰዎች ምን እንደነበረ ማየት አለብን። ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ኩዌጉ፣ ካሮ፣ ኛንጋቶም፣ ዳሰነች፣ እነዚህ ሁሉ በወንዙ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በደጋው ክረምቱ ሲጠነክር ወንዙ ይሞላና በነሐሴና በመስከረም ዳርቻውን ያለብሳል። ሲሸሽ ለም ደለል ትቶ ይሄዳል። ሰዎቹ እርጥበቱ ሳይደርቅ ማሽላቸውን በዚያ ደለል ላይ ይዘራሉ። በሬ የለ፣ ማዳበሪያ የለ፣ ዝናብም አይጠበቅም፤ ዝናቡ እኮ አስቀድሞ ሌላ አገር፣ ጅማና ጉራጌ ላይ፣ ዘንቦላቸዋል። ከብቱ ሲከሳ፣ የቆላው ዝናብ ሲቀር፣ ቤት የሚያቆመው ያ የደለል ማሽላ ነበር። ወንዙ ጎተራቸው ነበር ማለት ይቻላል።

ግድቡ ይህን ውኃ አይጠጣውም። የኤሌክትሪክ ግድብ የክረምቱን ውኃ አጠራቅሞ ዓመቱን ሙሉ እኩል እኩል እየለቀቀ ተርባይን ያሽከረክርበታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ «ውኃው ያው ነው» ሲሉ ብዙም አልተሳሳቱም። የነሐሴው ሙላት ግን ቀረ። ውኃው በየወሩ ተከፋፍሎ፣ ዳርቻውን ሳይወጣ በወንዙ ሆድ ውስጥ ያልፋል፤ ከላይ የሚወርደው ደለልም ከግድቡ ኋላ ይተኛል። እስቲ ራሽናችንን አስቡት። በወር አንድ ጊዜ የሚሰጠን ዱቄት ቀርቶ በቀን በቀን አንድ እፍኝ ይሰጣችሁ ቢባል፣ ሲደመር ልኩ ያው ነው። ግን ከላዩ ቀንሰን ሳሙና የምንገዛበት፣ ለእንግዳ የምናወጣው፣ ለክፉ ቀን የምናስቀምጠው አይኖርም። የኦሞ ሰዎችም የደረሰባቸው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ለዓሣውም እንዲሁ ነው። ሐይቁን የሚያበላው ሙላቱ ይዞት የሚመጣው ደለል ነው፤ ብዙው ዓሣ የሚራባውም ውኃው ሲሰፋ በሚሸፈነው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ቱርካና በበረሃ ውስጥ ካሉ ቋሚ ሐይቆች በዓለም ትልቁ ነው። የሚወጣለት ወንዝ የለም፤ የገባውን ፀሐይ ነው የምትጠጣው። ስለዚህ መግቢያው ሲቀንስ ወዲያው ይጎድላል፣ ሲጎድልም ጨውነቱ ይብሳል።

በላዩ ላይ የስኳሩ ነገር መጣ። በጥር 2011 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአርብቶ አደሮች በዓል ላይ ጂንካ ተገኝተው በታችኛው ኦሞ ሰፊ የሸንኮራ እርሻ እንደሚለማ ተናገሩ። ኩራዝ የተባለው ፕሮጀክት ነው። ግድቡ ዓመቱን ሙሉ እኩል ውኃ ሲለቅ ለመስኖ ይመቻል፣ የሕዝቡ የግጦሽና የእርሻ መሬትም ለሸንኮራ ይታረስ ጀመር። ተርባይን የተጠቀመበትን ውኃ መልሶ ለወንዙ ይሰጣል። ሸንኮራ ግን አይመልስም።

ተቃውሞው ጎልቶ የተሰማው ከሐይቁ በኩል ነው። ኢካል አንጀሌይ የምትባል የቱርካና ልጅ በ2009 የቱርካና ሐይቅ ወዳጆች የተባለውን ማኅበር መሠረተች። የሐይቁ ዙሪያ ሕዝቦች በግጦሽና በከብት ሲጋደሉ የኖሩ ናቸው፤ ቱርካናው፣ ገብራው፣ ሬንዲሌው፣ ዳሰነቹ፣ ቁጥራቸው እጅግ ያነሰው ኤልሞሎዎቹም ጭምር። እነዚህን ስለ አንድ ሐይቅ አብረው እንዲናገሩ ማድረጓ ለኛ ከሁሉም በላይ የሚያስገርም ነገር ነው። በአንድ ብሎክ ውስጥ የሁለት አገር ሰዎችን ስለ አንድ የውኃ ቧንቧ ለማስማማት የሞከረ የጎረቤት ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ማኅበሩ በዚያው በ2009 ለአፍሪካ ልማት ባንክ አቤቱታ አስገባ። በ2010 የአፍሪካ ልማት ባንክም የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክም ለግድቡ ገንዘብ የመስጠቱን ሐሳብ ተዉት። በ2011 የኬንያ ፓርላማ ገለልተኛ ጥናት ይደረግ አለ፤ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴም በዚያው ዓመት ሥራው እንዲቆም ጠየቀ። በ2012 ኢካል የጎልድማን የአካባቢ ሽልማትን አገኘች። በግንቦት 2014 ደግሞ የኬንያ ፍርድ ቤት መንግሥት ከኢትዮጵያ ስለሚገዛው ኤሌክትሪክ ያለውን መረጃ ለሕዝቡ ይፋ እንዲያደርግ ወሰነ። ዓሣ አጥማጅ መንግሥትን ከሶ «ንገሩን» ማለቱ፣ ፍርድ ቤቱም «ንገሯቸው» ማለቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ግድቡ ግን አልቆመም። ለተርባይኖቹ ብድሩም ዕቃውም ከቻይና መጣ።

በኢትዮጵያ በኩልስ ሰዉ ምን አለ? ያን ያህል አልተሰማም። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ማኅበራት አዋጅ ከገንዘቡ ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ሕጉ የተለወጠው በ2019 ነው፣ ግድቡ አልቆ ከተመረቀ በኋላ። በእነዚያ ዓመታት ለሙርሲው ወይም ለዳሰነቹ ቆሞ ፍርድ ቤት የሚሄድ፣ ለባንክ አቤቱታ የሚጽፍ ማኅበር ከየት ይምጣ? አንድ ወንዝ ነው፣ የታችኛው ሰው ጮኾ ተሰማ፣ የላይኛው ሰው ዝም አለ ተባለ። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ተስማምቷል ማለት እንዳልሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ማስረዳት አይጠበቅብንም።

ግድቡ ውኃ መያዝ የጀመረው በጥር 2015 ነው። የሚይዘው 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ወንዙ በአንድ ዓመት ከሚያወርደው ውኃ ጋር የሚቀራረብ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2017 መጀመሪያ ባወጣው ጽሑፍ ሐይቁ ከዚያ ወዲህ 1.5 ሜትር ያህል መውረዱን፣ በካሎኮል በኩል ባለው በፈርጉሰን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻው እስከ 1.7 ኪሎ ሜትር መሸሹን ገለጸ። ፈርጉሰን ዓሣው የሚራባበት ዋናው ቦታ ነው። ግድቡ በታኅሣሥ 2016 ተመረቀ። በ2018 የሐይቁ ብሔራዊ ፓርኮች በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገቡ። ለታችኞቹ ሰዎች በየዓመቱ ለአሥር ቀን ያህል ሙላት እንለቃለን ተብሎ በጥናቱ ተጽፎ ነበር፤ እንደ ድሮው ማሽላ የሚያበቅል ሙላት ግን አልመለሰላቸውም።

አሁን ያቺን የካውንቲ ነገር እናንሳት። ማርሳቢት ካውንቲ በምሥራቅ ጫፉ ሞያሌን፣ በምዕራብ ጫፉ ደግሞ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዟል። ዳሰነቾች የሚኖሩባት ኢለሬት፣ ኤልሞሎዎች አጠገቧ ያሉባት ሎየንጋላኒ፣ ከማንያታ ጋር ገዥያቸው አንድ ነው። በአንድ ካውንቲ ውስጥ ከወንዙ መብራት የሚገዛና ከወንዙ ዓሣ የሚጠብቅ ሕዝብ አብሮ ይኖራል ማለት ነው። አንዱ ሌላውን ግን አያውቀውም፤ በመካከላቸው የጫልቢ በረሃ አለ።

በዚሁ ካውንቲ ላይ ትልቁ መስመር ያልፋል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከናይሮቢ ወዲያ ሱስዋ ይገባል። በኅዳር 2022 ሥራ ጀመረ። ውሉ የ25 ዓመት ሲሆን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት ለኬንያ ይሸጣል። ከሥሩ የሚኖረው አርብቶ አደር ቀና ብሎ ሽቦውን ያያል፣ ማታ ግን ኩራዝ ያበራል። (ኩራዝ ስንል የስኳሩን አይደለም፣ የላምባውን ነው።) በመስመሩ የሚሄደው ቀጥታ ከረንት የሚሉት ዓይነት ነው። ሩቅ ሲሄድ ብዙ አይባክንም፤ ነገር ግን እንደ ሰፈር መስመር ከመሃል ቀጥሎ ወደ መንደር ማውረድ አይቻልም። ለመለወጥ በጣም ውድ የሆነ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ያም ያለው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ነው። ማርሳቢቶች የምሰሶውን ጥላ አገኙ። ሎየንጋላኒ በኩል የተተከሉት 365 የነፋስ ማማዎችም ነገራቸው ተመሳሳይ ነው፤ መሬቱ የተወሰደበት መንገድ ሕጋዊ እንዳልነበረ የኬንያ ፍርድ ቤት በ2021 ወስኗል።

ካኩማ ገበያ ላይ ታዲያ አንዲት የኛ እናት ለዚያ ጥያቄ አንድ ቀን መልስ ሰጡ። በሚችሉት ስዋሂሊ፣ «የኛም ሰዎች አልተጠየቁም፤ ወንዙ ዳር ያሉት ማሽላቸውን አጥተዋል» አሏት። ዓሣ ሻጯ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ፣ «እንግዲያው ማን ተጠየቀ?» አለቻቸው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ዋጋው ላይ ግን አልቀነሰችም። እኛም ከዚያ ወዲህ «የናንተ ሰዎች» ስንባል መልሳችን ይኸው ነው። ግድቡን ያዘዘውም የኛ አገር ሰው ነው፣ ዘሩን ይዞ ሙላት ሲጠብቅ የቀረው ዳሰነችም የኛ አገር ሰው ነው። የፊተኛውን ብቻ ቆጥራ የኋለኛውን እንዳትረሳው እንነግራታለን።

ሐይቁ ደርቆ ያልቃል ያሉ ነበሩ፣ አልደረቀም። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በጣለው ከባድ ዝናብ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሞሉ፤ ባሪንጎ፣ ናይቫሻ፣ ቱርካናም። በዳርቻው ብዙ መንደር ውኃ ገባበት። በዳሰነች ወረዳም በ2023ና በ2024 ወንዙና ሐይቁ ተጨማምረው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አስነስተዋል፤ ግድብ ጎርፍን ያስቀርላችኋል ተብሎ የነበረውን ያንኑ ሕዝብ። ግድቡን የሚደግፉ ወገኖች «አያችሁ፣ ሐይቁ ሞላ» ይላሉ። የድሮው ሙላት መጥቶ የሚሸሽ ነበር። ይህኛው መጥቶ የሚቀመጥ ነው። በተቀመጠ ውኃ ላይ ማሽላ አይዘራም፣ ከብትም አይሰማራም።

ከጊቤ ሦስት በታች፣ በዚያው በኦሞ ላይ፣ ኮይሻ የተባለ ሌላ ትልቅ ግድብ ከ2016 ጀምሮ እየተሠራ ነው። እሱም ሲያልቅ አንድ ጊዜ መሞላት አለበት። ውኃ መያዙ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር እንደሚጀመር፣ ስንት ክረምት እንደሚወስድ፣ ለኦሞራቴና ለኢለሬት፣ ለካሎኮልና ለሎየንጋላኒ ሰዎች በሚሰሙት ቋንቋ፣ በሬዲዮም በስብሰባም፣ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ዘር ያስቀመጠ ሰው ይዝራው ወይስ ይብላው ለመወሰን፣ ዓሣ አጥማጁም ጀልባውን ወዴት እንደሚያዞር ለማሰብ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ያስፈልጋቸዋል።